ድንኳኑን በጣት አትንኩት

ባለፈው የተጠራችሁበትን ሠርግ አስታውሱ። ሙሽራዋ ምን እንደለበሰች ትነግሩኛላችሁ፤ ወጡ ጨው እንደበዛበትም አልረሳችሁም። የተቀመጣችሁበት ወንበርስ ቀለሙ ምን ነበር? ከራሳችሁ በላይ የተዘረጋው ድንኳን የጥጥ ሸራ ነበር ወይስ ፕላስቲክ?

አላስተዋላችሁም፤ አልፈርድባችሁም። የድግስ ዕቃ አከራይም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ድንኳኑ የሰው ዓይን ውስጥ ከገባ አፍስሷል፣ ወንበሩ ከተወራለት ሰው ይዞ ወድቋል ማለት ነው።

ዛሬ ግን አፍጥጠን እናያቸዋለን። ቦታው ሚዛን ተፈሪ ይሁን። ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ አድርጎ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቴፒ አለ፤ ዙሪያው ቡና ነው፤ የጫካ ቡና፣ የጓሮ ቡና፣ እንደ በበቃ ያሉ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች። ይህን አገር የመረጥኩት ግን ለዝናቡ ብዬ ነው። በኢትዮጵያ ዝናብ የሚበረታው በዚህ በደቡብ ምዕራብ ጥግ ነው። ሌላው አገር ሰኔን ሲጠብቅ እዚህ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰማዩ አይታመንም። እዚህ የድግስ ዕቃ የሚያከራይ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚታገለው ከውሃ ጋር ነው።

ድግሱ ደግሞ ዝናብ አይሸሽም። የቡና ለቀማው አልቆ ብር እጅ ሲገባ፣ ጥር ላይ የሚደራው ሠርግ እንኳ ደረቅ ወቅት ያገኛል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የሚደገሰው ግን ቀጥ ብሎ ዝናቡ ውስጥ ይገባል። ፕሮቴስታንት አማኞች ብዙ በሆኑበት በዚህ አካባቢ የዐቢይ ጾም ወራትም ሠርግ አያጡም። ክረምት መግቢያ ላይ ልጅ የሚያስመርቅ ቤተሰብም «እስቲ ዝናቡ ያባራ» ብሎ አይጠብቅም። ልቅሶ ሲሆንማ ጭራሽ ቀን አይመረጥም፤ እሱን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው እድር ነው። እድር ድንኳንና ሰሃን ገዝቶ ለአባላቱ ማዋስ የጀመረው አከራዮቹ ሱቅ ሳይከፍቱ ገና ድሮ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የዕቃ ቤቱ በር ይከፈታል። አይሱዙው በራፉ ላይ ቆሟል። መጨረሻ የሚጫነው ድንኳኑ ነው፤ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነዋ። ከእሱ በፊት ወንበሮቹ በ10 በ10 ተደራርበው ይገባሉ።

እስቲ ቤታችሁ ያለውን የፕላስቲክ ወንበር ገልብጡት። አንድም ብሎን፣ አንድም ሚስማር፣ አንድም መጋጠሚያ የለውም። መደገፊያው፣ እጀታው፣ እግሩ ሁሉ አንድ ወጥ ነው። የተሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ፍሬ ፍሬው 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀልጦ በብረት ቅርጽ ውስጥ በኃይል ይገፋል፤ ሲበርድ ወንበር ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ወንበር በካናዳዊው ዲ. ሲ. ሲምፕሰን የታሰበው እ.ኤ.አ. በ1946 ነበር። የዓለምን ግቢ ሁሉ እንዲሞላ በር የከፈተው ግን እ.ኤ.አ. በ1972 ፈረንሳዊው ሄንሪ ማሶኔ ነው፤ አንዱን ወንበር ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማምረት ቻለ።

አሁን ብልሃቱን እዩ። የቀለጠው ፕላስቲክ ከረጋ በኋላ ከብረቱ ቅርጽ ሳይቀረቀር መውጣት አለበት። ስለዚህ ወንበሩ የትም ቦታ ላይ ወደ ውስጥ የሚቆለመም ነገር ሊኖረው አይችልም፤ እግሮቹ ወደ ታች እየሰፉ፣ ሁለመናው በትንሹ እያዘነበለ መሄድ ግድ ነው። ከብረቱ እንዲላቀቅ የተሰጠው ይኸው ቅርጽ ከሌላ ወንበር ላይም እንዲላቀቅ አደረገው። ለፋብሪካው የተበጀ መላ ለአይሱዙው ሠራ። ባይደራረብ ኖሮ 200 ወንበር ለማመላለስ ስንት ጉዞ ያስፈልግ እንደነበር አስቡት፤ ትርፉ ነዳጅ ሆኖ ያልቅ ነበር።

እግሩን በእጃችሁ ዳብሱት። ክብ ዱላ አይደለም፤ ከኋላው ክፍት የሆነ፣ የታጠፈ ስስ ግድግዳ ነው። ለምን እንደታጠፈ ለማወቅ ከልጃችሁ ደብተር አንድ ወረቀት ለምኑ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ በጠርዙ ለማቆም ሞክሩ፤ ይተኛል። ከመሃሉ ለሁለት አጥፉትና እንደተከፈተ መጽሐፍ አቁሙት፤ ቆመ፤ ቀላል መጽሐፍ ብታስቀምጡበትም ይሸከማል። የወረቀቱ መጠን አልጨመረም፤ ጉልበት የሆነው እጥፋቱ ነው። 2 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ወንበር 90 ኪሎ የሚመዝን የሙሽራ አጎት የሚሸከመው በዚህ ነው።

ሁሉም ወንበር ግን እኩል አይደለም፤ አከራይን የሚያከስረውም ይህ ነው። ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ ፕላስቲኩ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሊቀላቅል ይችላል። ጥቂቱ አይጎዳም፤ ሲበዛ ወንበሩ ይከብድና እንደ ፕላስቲክ መለመጡ ቀርቶ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ዓይን ይህን አይለይም። ውሃ ግን ይለያል።

ከተሰበረ ወንበር ላይ ጥፍር የምታህል ስባሪ አንሱና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉ። ንጹሕ ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ከክብደቱ 15 ከመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የድንጋይ ዱቄት ያለበት ከሆነ ይሰምጣል። ስባሪ ካጣችሁ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል፤ ከክዳኑ አንድ ቁራጭ፣ ከጠርሙሱ ሌላ ቁራጭ ቆርጣችሁ ጣሉ። ክዳኑ ተንሳፍፎ ጠርሙሱ ይሰምጣል፤ ሁለቱ የተለያየ ፕላስቲክ ናቸው። እኔ ብሆን ወንበር ሻጭ ዘንድ ስሄድ ኪሴ ውስጥ መቀስ፣ በእጄ የሃይላንድ ውሃ ይዤ ነበር የምሄደው።

ሌላው የወንበር ጠላት ፀሐይ ነው። አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታየው ጨረር ፕላስቲኩን ከላዩ እየበጣጠሰ ያደርቀዋል። ውጭ የከረመ ወንበር ላይ እጃችሁን ብታሹ ነጭ ብናኝ ይዞ ይመጣል፤ ያ ወንበር ጡረታ ወጥቷል።

አይሱዙው የድግሱ ግቢ ደረሰ። ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ ጭቃ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ እንግዳው ቆሞ ሲሄድ የማይሰጥመው መሬት ላይ ሲቀመጥ ይሰጥማል። ክብደቱ ያው ነው፤ የሚያርፍበት ስፋት ግን ተለወጠ። ሁለቱ ጫማዎቹ ጭቃውን የሚጫኑት በብዙ መቶ ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የወንበሩ አራት እግሮች ጫፍ ተደምሮ ደግሞ ከእጅ መዳፍ ያንሳል፤ ሰውየው ወደ ኋላ ደገፍ ሲል ጭነቱ ወደ ሁለቱ የኋላ እግሮች ይሄዳል፤ ወንበሩ ቀስ እያለ ሰማይ ያሳየዋል።

መድኃኒቱ ሰጋቱራ ነው። ከእንጨት ቤት በማዳበሪያ ጆንያ መጥቶ ጭቃው ላይ ይነሰነሳል፤ ውሃውን ይጠጣል፣ ጭነቱንም ያሰፋል። በላዩ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ለወግ ነው ትላላችሁ፤ ረዣዥም ቅጠሎቹ ግን እርስ በርስ ተጠላልፈው የወንበር እግር ይሸከማሉ። ሊሾ ወለል ላይ ሲሆን ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ መሬቱ አይሰጥምም፤ እርጥብ ከሆነ ግን የወንበሩ እግሮች ወደ አራቱ ማዕዘን ይንሸራተታሉ። ሊሾውን ሳይወለውል ወንበር የሚደረድር ሠራተኛ ካያችሁ ዝም አትበሉት።

አሁን ወደ ድንኳኑ፤ የዛሬው ዋና ጉዳይ እሱ ነው።

የጥጥ ሸራ ድንኳን ስታስቡት ጉድ ነው። ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ ብታዩት በክሮቹ መሃል ብርሃን ይገባል፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ታዲያ ዝናቡን እንዴት ይከለክላል? አንደኛ፣ ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ክሮቹ እርስ በርስ ይጠጋጉና ቀዳዳው ይጠብባል። ሁለተኛ፣ የቀረችውን ጠባብ ቀዳዳ ውሃው ራሱ ይዘጋታል። ውሃ ከውሃ ጋር መያያዝ ይወዳል፤ ገጹ እንደተወጠረ ስስ ቆዳ ይሆናል፤ ቀዳዳዋ ትንሽ ከሆነች ያ ቆዳ አይቀደድም።

አታምኑኝም? ብርጭቆ እስከ አፉ ውሃ ሙሉ። ነጠላ መሐረብ አርጥባችሁ አፉ ላይ ወጥሩና በላስቲክ እሰሩት። ሳህን ላይ ሆናችሁ ብርጭቆውን ቶሎ ገልብጡ። ጥቂት ጠብታ ይወርዳል፤ ቀሪው ውሃ ጨርቁ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከታች ያለው አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በቀዳዳዎቹ ላይ የተወጠረው ውሃ ደግሞ አየሩን አላስገባም ይላል።

የዚህ ጽሑፍ ርዕስ የመጣው ከዚህ ነው። አሮጌ የጥጥ ሸሚዝ ከጎድጓዳ ሳህን ከፍ አድርጋችሁ በሰው እጅ አስወጥሩ፤ አርጥቡት፤ በላዩ ማንኪያ ውሃ አፍስሱበት። ከሥር ስታዩት እርጥብ ነው እንጂ አያንጠባጥብም። አሁን ከታች በጣታችሁ ጫፍ ነካ አድርጉት። ውሃው ጣታችሁን ይከተላል። በቀዳዳዋ ላይ የነበረው ውጥረት ፈረሰ፤ ለውሃው መንገድ ሰጣችሁት። ዝናብ ሲመታው በነበረ የሸራ ድንኳን ሥር ጣቱን የሚቀስር ልጅ ካለ ከዚያች ነጥብ ጀምሮ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል፤ እናትየው ደግሞ አከራዩን ትሰድባለች።

ከተነካ በኋላም መላ አለው። ከሚንጠባጠብበት ነጥብ ጀምራችሁ ጣታችሁን ሳታነሱ በሸራው ላይ ቁልቁል እስከ ጠርዙ ጎትቱት። ውሃው የጎተታችሁለትን መንገድ ይዞ ወደ ዳር ይወርዳል፤ እንግዳው ራስ ላይ መውረዱን ይተዋል።

ዛሬ ብዙ አከራይ ነጩን የፕላስቲክ ድንኳን መርጧል። ውስጡ የፖሊስተር ክር ነው፤ ላይና ታቹ ፒቪሲ ተለብጧል። ክሩ መሳቡን ይችላል፣ ፒቪሲው ውሃውን ይከለክላል። ብትነኩት አያፈስም። ሁለት አመል ግን አለው።

የመጀመሪያው ውሃ ማቆር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር፣ ማለትም አንድ ኪሎ ነው። ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ድንኳን 50 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ከሰዓት ሚዛን ላይ ቢጥል ማንም አይደነግጥም፤ እሱ ግን ድንኳኑ ላይ 1000 ኪሎ ውሃ ነው። 10 ኩንታል! ጣሪያው በደንብ ካዘነበለ ይህ ሁሉ እየተንከባለለ ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይ ከላላ ግን ትንሽ ውሃ ይቆማል፤ የቆመው ውሃ ሸራውን ይበልጥ ያረግደዋል፤ የረገደው ቦታ የጎረቤቱን ውሃ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ራሱን በራሱ እያሳደገ ይሄዳል፤ መጨረሻው ምሰሶ መታጠፍ ነው።

ስለዚህ ቁም ነገሩ አወጣጠሩ ላይ ነው፤ አወጣጠር ደግሞ ካስማና አውታር ነው። ድንኳን ተካዮቹ ካስማውን ሲመቱ ተመልከቱ፤ አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ገመዱ ሲስበው ከአፈሩ ጋር ይፋለማል እንጂ እንደ ጥርስ ወደ ላይ አይነቀልም። የካስማው ርቀት ከምሰሶው ቁመት ጋር ቢቀራረብ ጥሩ ነው። ቦታ ጠበበ ተብሎ ካስማው ምሰሶው እግር ሥር ከተተከለ ገመዱ ምሰሶውን ወደ ታች ይጫነዋል እንጂ ጣሪያውን ወደ ጎን አይወጥርም። ቀዩ የሚዛን አፈር ሲርስ ካስማ ስለሚለቅ የቡና ግንድ ወይም የአጥር ቋሚ ላይ ማሰር የሚመርጡም አሉ። የቡና ግንዱን ባለቤት ማስፈቀድ እንዳይረሳ።

ገመዱ ራሱ ጉድ አለው። የቃጫ ገመድ፣ ይህ አገር ከእንሰቱ የሚያገኘው ዓይነት፣ ዝናብ ሲነካው ያጥራል። እርጥብ ነገር ያጥራል? አዎ። አንድ ክር በአንድ እስክሪብቶ ዙሪያ 10 ጊዜ ጠምጥሙና የተረፈውን ጫፍ ልኩ። አሁን ሁለት እስክሪብቶ አጋጥማችሁ 10 ጊዜ ጠምጥሙ፤ የተረፈው አጠረ። ቃጫው ውሃ ጠጥቶ ሲወፍር እያንዳንዱ የተጠመዘዘ ክር የሚዞርበት ዙሪያ ይሰፋል፤ ርዝመቱ ወደ ዙሪያው ይሄዳል፣ ገመዱም ያጥራል። ካስማ ይነቅላል፣ ሸራም ይቀዳል። ባለ ቀለሙ ሰው ሠራሽ ገመድ ግን አይኮማተርም፤ እሱ ተወጥሮ ሲውል ይላላል። እንግዲህ ደንቡ ተቃራኒ ነው፤ ቃጫ ከሆነ ዝናብ ሳይመጣ ላላ አድርጉት፣ ፕላስቲክ ከሆነ ሰዓት እየቆጠራችሁ አጥብቁት። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚያስር አከራይ ድንኳኑ ማታ ጠማማ ሆኖ ቢያገኘው አይግረመው።

የነጩ ድንኳን ሁለተኛው አመል ማታ ይመጣል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ስልክ ይጮሃል።

«ጋሼ፣ ድንኳኑ እኮ እያፈሰሰ ነው! እንግዳ ላይ ነው የሚንጠባጠበው!»

«እዚያ ዝናብ አለ እንዴ?»

«ኧረ የለም፣ ቅድም አባርቷል።»

«እንግዲያው ጎንና ጎኑን ግለጡት፣ እህቴ። ያልቅላችኋል።»

እህታችን ሰውየው የቀለደባት ይመስላታል። አልቀለደም። ተቀምጦ የሚጫወት ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 50 ግራም ገደማ ውሃ ወደ አየር ይለቃል። 300 እንግዳ በሰዓት 15 ሊትር፤ በ4 ሰዓት 60 ሊትር፤ ባለ 20 ሊትር 3 ጄሪካን ማለት ነው። ወጡ ይጨሳል፣ ጀበናው ይተናል፣ የረጠበው ቄጠማም የራሱን ያክላል። ፀሐይ ስትጠልቅ የድንኳኑ ጣሪያ ይቀዘቅዛል፤ ያ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛው ፕላስቲክ ላይ ውሃ ሆኖ ያርፍና ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠበው የእንግዶቹ ትንፋሽ ነው! የጥጡ ሸራ እንፋሎቱን በከፊል ወደ ውጭ ያሳልፈዋል፤ ፒቪሲው ግን ዝናቡን ከውጭ እንደከለከለ እንፋሎቱንም ከውስጥ ይከለክላል።

አፈሰሰ ወይስ አላበው? መለየቱ ቀላል ነው። ቀዳዳ ወይም ስፌት ከሆነ ውሃው ከአንድ ነጥብ ወይም ከአንድ መስመር ይመጣል። ትንፋሽ ከሆነ ጣሪያው ሁሉ እኩል ጤዛ አቅርሯል። በደረቅ ጨርቅ አንድ ቦታ ጥረጉና ጠብቁ፤ መልሶ በሙሉ ካቀረረ ተጠያቂው አከራዩ አይደለም። ከጣሪያው ሥር ሁለት በኩል አየር መግቢያና መውጫ ክፈቱለት።

ሙቀቱም የዚያኑ ያህል ነው። የተቀመጠ ሰው ወደ 100 ዋት ሙቀት ይሰጣል፤ 300 ሰው 30 ኪሎ ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ስለሚስብ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከ8 በላይ ምጣድ ተጥዶ ያመሸ ያህል ነው። ሚዛን ላይ በሠርግ ምሽት ጋቢ የማይፈለገው ለዚህ ይሆናል።

ስለ ሞንታርቦው ብዙ አልልም፤ የዕቃ አከራይና የሙዚቃ አከራይ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ፤ ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ቀጭኑን ድምፅ ሰውና ልብሱ ስለሚውጠው መሬት ላይ ከተቀመጠ የፊት ረድፉ ይደነቁራል፣ የኋላው አይሰማም። ወፍራሙ ዱም ዱም ግን ድንኳንም፣ የሙዝ ቅጠልም አያቆመውም። ማዶ ያለው ጎረቤት የሚሰማው ዘፈን ሁሉ አንድ ዓይነት የሚመስለው ለዚህ ነው።

በማግስቱ አይሱዙው ይመለሳል፤ እዚህ ላይ ብልህ አከራይና ሰነፍ አከራይ ይለያያሉ። ሰነፉ ወንበር ይቆጥራል። ብልሁ መጀመሪያ ድንኳኑን ይዘረጋል።

እርጥብ ሸራ ተጠቅልሎ ባደረ ቁጥር ሻጋታ ይበላዋል፤ ጥጥ ለሻጋታ ምግብ ነው። ፒቪሲውም ቢሆን ወጥና ጠላ ከፈሰሰበት ይጠቁራል። በዚህ በኩል የቡና አገር ሰው ማስተማር አያስፈልገውም። ቡናን መሬት ላይ ከማስጣት አልጋ ላይ ማስጣት የሚበልጠው አየር ከሥሩም ስለሚያልፍ ነው፤ 11 ወይም 12 ከመቶ እርጥበት ላይ ሳይደርስ ጆንያ ውስጥ የገባ ቡና ምን እንደሚሆን ሚዛንም ቴፒም ያሉ ሰዎች ያውቁታል። ድንኳንም እንዲሁ ነው፤ ሣር ላይ ከመዘርጋት ገመድ ላይ ማንጠልጠል። ሁለት መሐረብ አርጥባችሁ አንዱን አጥፋችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላውን በር ላይ አየር በሚነካው ቦታ ስቀሉ። ጀበናው ሦስተኛ ሳይደርስ ልዩነቱን ትዳስሱታላችሁ። ፀሐይ ብትኖር ጥሩ፣ ከሌለችም ነፋሱ ይሠራል።

ድንኳኑ እየደረቀ ወንበሩ ይቆጠራል። የለመደ ዓይን አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ በ10 በ10 ደርድሮ ክምሮቹን ግድግዳ ሥር ያሰልፋል። 9 ያለው ክምር ወዲያው ይታያል፤ አናቱ ዝቅ ይላል። ወንበሮቹ እርጥብ ሆነው ከተደራረቡ አንላቀቅም ይላሉ። በመሃላቸው የገባው ውሃ ክፍተቱን ዘግቶ አየር አያስገባም፤ ወደ ላይ ስትስቧቸው ባዶ ቦታ ለመፍጠር እየታገላችሁ ነው። ጉልበት አትጨምሩ፤ አንድ ጎኑን ብቻ ቀድማችሁ አንሱ፣ አየሩ ይግባ፣ ሌላው ይከተላል። መቀመጫው ላይ ያለችው ቀዳዳም አንዷ ሥራዋ ይህ ነው፤ ውሃ ታወርዳለች፣ አየር ታስገባለች።

ብርጭቆ ብርጭቆ ውስጥ ተቀርቅሮ ከመጣ ደግሞ ውስጠኛው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉና ውጨኛውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። የሞቀው ሰፋ፣ የቀዘቀዘው ጠበበ፤ በሁለት ጣት ይወጣል። የፈላ ውሃ ግን አይሁን፤ ከውጭ በድንገት የሞቀ ብርጭቆ ውስጡ እስኪደርስለት አይጠብቅም፣ ይሰነጠቃል፤ ያኔ መያዣው ላይ ሂሳብ ይመጣል።

ከሁሉ የሚጠፋው ማንኪያና ሹካ ነው። የሚሰርቅ ያለ ይመስላችኋል፤ አብዛኛው ግን ከትርፍራፊው ጋር ባልዲ ውስጥ ይደፋል። እኔ አከራይ ብሆን ከተቃጠለ ሞንታርቦ ላይ ማግኔቱን ፈትቼ ገመድ አስርበትና ትርፍራፊው ሳይደፋ ባልዲው ውስጥ አዞረው ነበር። ርካሹ ማንኪያ ኒኬል ስለሌለው በማግኔት ይሳባል። ኒኬል ያለበት ውዱ ማንኪያ ግን ማግኔቱን አይሰማም። ከፍሪጃችሁ በር ላይ ማግኔት ነቅላችሁ የቤታችሁን ማንኪያዎች ሞክሯቸው፤ የማይሳቡትን ለይታችሁ ለቤት አስቀምጡ። ለኪራይ የሚሆነው የሚሳበው ነው።